ሪዝ ያሳደገው ተዋናይና ፊቱን የኳለው ሠዓሊ

ሜሮን፦ እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቻችን። የዛሬው ርእሳችን የቻይና የብሮድካስት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 «ሴታሴት» ወንዶች ከስክሪን እንዲወገዱ ያወጣው መመሪያ ነው። ብሩክ ግን በገላው ትርኢት በሚያሳየው ቻይናዊ ሠዓሊ በማ ሊዩሚንግ ልጀምር ይላል።

ብሩክ፦ በእሱ ካልጀመርን መመሪያው ምን እንደሚፈራ አይገባንም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድሆች ወጣት ሠዓልያን በቤጂንግ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከትመው ሰፈሩን «ኢስት ቪሌጅ» አሉት። ማ ሊዩሚንግ እዚያ ረጅም ጸጉሩን ለቆ፣ ፊቱን እንደ ሴት ተኳኩሎ፣ ገላውን ግን ሳይሸፍን ይቆም ነበር፤ ተመልካቹ ፊቱን አይቶ «ሴት ናት» ብሎ ሳይጨርስ ዓይኑ ወደ ታች ሲወርድ ፍርዱ ይፈርስበታል። በ1994 በአንድ ግቢ እርቃኑን ምግብ ሲያበስል ፖሊስ ያዘው፤ ሁለት ወር ያህልም ታሰረ።

ሜሮን፦ የታሰረው ስለተራቆተ ነው እንጂ ሴት ስለመሰለ አይመስለኝም።

ብሩክ፦ የሴት ፊቱም ነው እላለሁ፤ ሴት መምሰል ግን ሁልጊዜ አላስቀጣም፤ እስቲ ሜይ ላንፋንግን አስቢው። በቤጂንግ ኦፔራ የሴት ገጸ ባሕርያትን በመጫወት የገነነ ወንድ ነው፤ በ1961 እስኪሞት ድረስ አገር አክብሮታል። ጃፓኖች ቻይናን በወረሩ ጊዜ ለእነሱ አልጫወትም ብሎ ምን አደረገ መሰለሽ? ሪዙን አሳደገ!

ሜሮን፦ ሪዝ ያለው ሰው ሴት ሆኖ መድረክ ላይ ሊወጣ ስለማይችል!

ብሩክ፦ አዎ! ወረራው ሲያበቃ ሪዙን ተላጭቶ ወደ ሴት ሚናው ተመለሰ። ሪዙን እንደ ካባ የሚደርበውና የሚያወልቀው ሰው ወንድነቱን ማንም አልጠየቀውም፤ ይህ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ሜሮን፦ ያልተጠየቀው መጋረጃው ሲዘጋ ትርኢቱ እንደሚያበቃ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። ማ ሊዩሚንግ መድረክም መጋረጃም አልነበረውም፤ በ1998 ያንኑ የተኳለ ፊት ይዞ በታላቁ ግንብ ላይ እርቃኑን ሄደ።

ብሩክ፦ በመድረኩ ጉዳይ እስማማለሁ፤ በእስሩ ግን አሁንም አልስማማም፤ ያ ፊት ባይኖር እርቃኑ ያን ያህል አያስደነግጥም ነበር።

ሜሮን፦ እሺ፣ ወደ መመሪያው እንመለስ። መመሪያው በወጣበት በ2021 ቀደም ብሎ የቻይና ትምህርት ሚኒስቴር ወንድ ልጆች «እንዳይሴቱ» ለሚል ሐሳብ ሲመልስ፣ ስፖርትን፣ በተለይም እግር ኳስን እንደሚያጠናክር ገልጾ ነበር።

ብሩክ፦ ወንድነት በሥልጠና የሚመጣ ነገር መሆኑን አምነዋል ማለት ነው። ማ ሊዩሚንግም ወንድነት ተፈጥሮ ብቻ አይደለም ሲል የቆመው ለዚሁ ነበር።

ሜሮን፦ እነሱ ግን ይህን እንዳመኑ አይስማሙልህም።