«ሉክታት» ምንድን ነው? የእንግሊዝኛ ኃላፊ ጊዜ ግሥ እና መስተዋድዱ

[ጥቁር ስክሪን። ድምፅ ብቻ፣ ሁለት ጊዜ፦ «ሺ ሉክታት ሚ።»]

«ሉክታት» የሚባል ቃል የትኛውም መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም። የሰማችሁት «ሉክት» እና «አት» የሚባሉ ሁለት ቃላትን ነው፤ «ተመለከተችኝ» ማለት ነው። በጽሑፍ ቢመጣ ማንም አይቸገርበትም። በጆሮ ሲመጣ ግን የአንዱ ጅራት ከሌላው ራስ ጋር ይጣበቅና አዲስ ቃል ይመስላል።

በአማርኛ መስተዋድድ የሚጣበቀው ከስሙ ጋር ነው፦ በመኪና፣ ለእናቷ፣ ከጎንደር። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ለብቻው ይቆማል፤ ሲነገር ግን በብዛት ከፊቱ ባለው ግሥ ላይ ይለጠፋል። የትኛው መስተዋድድ እንደሚገባ የሚወስነውም ብዙ ጊዜ ግሡ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ስሕተት በብዛት የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

[ስክሪን፦ ት + አ = ታ። ድ + ኢ = ዲ። ት + ኦ = ቶ]

ከድምፁ እንጀምር፤ እዚህ ላይ የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ይረዳናል። መደበኛው የኃላፊ ጊዜ ግሥ መጨረሻው 3 ዓይነት ነው። ግሡ በፕ፣ በክ፣ በፍ፣ በስ፣ በሽ ወይም በች ካለቀ «ት» ይጨመራል፦ ሉክት፣ ላፍት። በት ወይም በድ ካለቀ «ኢድ» ይሆናል፦ ዌይቲድ፣ ዲሳይዲድ። በሌላ ድምፅ ካለቀ «ድ» ብቻ ነው፦ ሊቭድ፣ ተርንድ። ቀጥሎ የሚመጣው መስተዋድድ በአናባቢ ከጀመረ ሳድሱ ፊደል አናባቢውን ይወስዳል። «ሊቭድ ኢን» «ሊቭዲን» ይሆናል። «ወርክት ኦን» «ወርክቶን»፤ «ዲሳይዲድ ኦን» ደግሞ «ዲሳይዲዶን»። ቃላቱን ለያይታችሁ ብትናገሩ ስሕተት የለውም፤ ሲነገሩ ለመስማት ግን ጆሯችሁ ተጣብቀው ሊጠብቃቸው ይገባል።

የባሰው ችግር የሚመጣው መስተዋድዱ በት ሲጀምር ነው። «ቶክት ቱ» በፍጥነት ሲነገር አንዱ ት ይዋጣል፣ የሚሰማው «ቶክ ቱ» ነው። «ሊስንድ ቱ» ላይም ድ አይሰማም ማለት ይቻላል። ታዲያ ኃላፊ ጊዜ መሆኑ በምን ይታወቃል? ባለቤቱ «ሂ» ወይም «ሺ» ከሆነ ዘዴ አለ። የአሁን ጊዜ ቢሆን «ሺ ቶክስ ቱ» ተብሎ ስ ይሰማ ነበር፤ «ሺ ቶክ ቱ» ከሰማችሁና ስ ከሌለ ነገሩ አልፏል። «አይ» እና «ዴይ» ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ እንደ «የስተርዴይ» ያለ የጊዜ ቃል መፈለግ ነው።

[ስክሪን፦ ወረወረለት / ወረወረበት]

ወደ ምርጫው እንለፍ። አማርኛም አንዳንዴ መስተዋድዱን ግሡ ላይ ይሰካዋል፤ በጀርባው በኩል። ኳስ ወረወረለት፣ ድንጋይ ወረወረበት። እንግሊዝኛው «ስሩ ዘ ቦል ቱ ሂም» እና «ስሩ ኤ ስቶን አት ሂም» ነው። የመጀመሪያው እንዲቀልብ ነው፣ ሁለተኛው እንዲመታ። «ጮኸበት» ስትሉም «ሻውቲድ አት» ነው፤ «ሻውቲድ ቱ» ካላችሁ ራቅ ብሎ ላለ ሰው ድምፅ ከፍ ማድረግ እንጂ ቁጣ የለበትም። «ሳቀበት» ደግሞ «ላፍታት ሂም»። ይህን ግን ቀመር አታድርጉት። «ፈረደበት» ላይ ያው «በት» አለ፣ እንግሊዝኛው ግን «ሩልድ አጌንስት» ነው።

በአማርኛ መስተዋድድ ኖሮ በእንግሊዝኛ የማይኖርባቸው ግሦች አሉ። «ወደ ክፍሉ ገባ» ሲተረጎም ብዙ ሰው «ኤንተርድ ቱ ዘ ሩም» ይላል። ትክክሉ «ኤንተርድ ዘ ሩም» ነው፤ «ኤንተርድ ኢንቱ» ለውል ወይም ለስምምነት ነው። «ስለ ችግሩ ተወያዩ» «ዲስከስት ዘ ፕሮብሌም» ነው፣ «አባውት» አይገባም። «ለጥያቄው መለሰ» «አንሰርድ ዘ ክዌስችን»። «ከእሷ ጋር ተጋባ» «ማሪድ ሀር» ነው፤ «ጎት ማሪድ» ካላችሁ ብቻ «ቱ» ይመጣል፣ «ዊዝ» ግን አይሆንም። አሳሳቹ ነገር እነዚሁ ቃላት ስም ሲሆኑ መስተዋድዱ መመለሱ ነው፦ «ኤ ዲስከሽን አባውት ዘ ፕሮብሌም»፣ «ዘ አንሰር ቱ ዘ ክዌስችን»።

ግልባጩም አለ። «አውቶቡስ ጠበቀ»፣ «ሬዲዮ አዳመጠ»፣ «ቁልፉን ፈለገ»፤ አማርኛው መስተዋድድ የለውም፣ እንግሊዝኛው ያለሱ አይቆምም፦ «ዌይቲድ ፎር»፣ «ሊስንድ ቱ»፣ «ሉክት ፎር»። «ፔይድ» ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሒሳቡን ሲከፍል «ፔይድ ዘ ቢል»፤ የበላውን ነገር ከጠራችሁ ግን «ፔይድ ፎር ዘ ላንች»። ገንዘቡ የተሰጠበት ነገር «ፎር» ይፈልጋል።

«ደረሰ» ለብቻው መታየት ያለበት ግሥ ነው። «አራይቭድ ቱ» የሚባል የለም። ለከተማና ለአገር «አራይቭድ ኢን ናይሮቢ»፤ ለአውሮፕላን ማረፊያ፣ ለሆቴል፣ ለጣቢያ «አራይቭድ አት»፤ ለቤት ምንም፦ «አራይቭድ ሆም»። «ቱ» ጉዞውን ያሳያል፣ ስለዚህ ከ«ዌንት» ጋር ይስማማል፤ «አራይቭድ» ግን ጉዞው ያበቃበትን ቦታ ነው የሚናገረው።

[ስክሪን፦ በ2 ሰዓት / በሰኞ / በጥቅምት / በባለፈው ሳምንት]

የጊዜ ሐረግ ላይ የእኛ «በ» ብዙ ሥራ ይሠራል። እንግሊዝኛው ለሰዓት «አት»፣ ለቀን «ኦን»፣ ለወርና ለዓመት «ኢን» ብሎ ይከፋፍለዋል። «ላስት» ካለበት ሁሉም ይወጣሉ፦ «ሺ ካም ላስት ዊክ» እንጂ «ኢን ላስት ዊክ» አይባልም። መስተዋድዱን አስተካክሎ ቁጥሩ ላይ የሚሳሳትም ሞልቷል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት «አት 8 ኦክሎክ» ነው። በ2010 ዓ.ም. የሆነ ነገር ደግሞ «ኢን 2010» አይደለም፤ ያ ዓመት በአውሮፓውያኑ ከሴፕቴምበር 2017 እስከ ሴፕቴምበር 2018 ያለው ነው። የቪዛ ቅጽ ላይ ይህች ስሕተት የሰውን የሥራ ታሪክ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ትጎትታለች።

«ሺ ሊቭድ ኢን ዱባይ ፎር 3 ይርስ» ካላችሁ ኑሮው አብቅቷል። ዛሬም እዚያው ካለች «ሃዝ ሊቭድ» ነው። «ከ2019 ጀምሮ» ለማለት «ሲንስ 2019» ስትጠቀሙም ያው «ሃዝ ሊቭድ» ያስፈልጋል፤ «ሊቭድ» ብቻውን የሚስማማው ከ«ፍሮም 2019 ቱ 2022» ጋር ነው። ቦታና ጊዜ አንድ ላይ ሲመጡ ቦታው ይቀድማል፦ «ሺ ዌንት ቱ ዘ ማርኬት ኦን መንዴይ»። እኛ «ሰኞ ገበያ ሄደች» እንላለንና ሲተረጎም ቅደም ተከተሉ መገልበጡን አትርሱ።

ጥያቄ ላይ መስተዋድዱ ከግሡ ጋር እንዳለ በግልጽ ይታያል። «ማንን ጠበቅሽ?» «ሁ ዲድ ዩ ዌይት ፎር?» ነው። ስሙ ወደ ፊት ሄዶ «ፎር» ከግሡ ጋር መጨረሻ ላይ ቀረ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ «ፎር» ነው፤ «ለማን»፣ «በምን» ማለት የለመደ አፍ በ«ፎር» ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያልተጠናቀቀ ይመስለዋል። ደግሞ «ዌይቲድ» አትበሉ፤ ኃላፊ ጊዜውን «ዲድ» ወስዶታል።

[ስክሪን፦ ሺ ሂት ዘ ማን ዊዝ ዘ አምብሬላ]

ሐረጉ የማን እንደሆነ የማይለይበት ጊዜም አለ። ጃንጥላው በእጇ ነው ወይስ በእጁ? አማርኛ «በጃንጥላ መታችው» እና «ጃንጥላ የያዘውን ሰውዬ መታችው» ብሎ ይገላገላል። በእንግሊዝኛ ጃንጥላው የሰውየው ከሆነ «ዘ ማን ሁ ሃድ ዘ አምብሬላ» በሉ። መምቻው ከሆነ «ሺ ዩዝድ ዘ አምብሬላ ቱ ሂት ዘ ማን» ይሻላል። እግረ መንገዳችሁን «ሺ ሂት» ላይ ስ እንደሌለ አያችሁ? ኃላፊ ጊዜ ነው።

[ስክሪን፦ ባዶ ሰንጠረዥ፣ 2 ዓምድ]

አሁን ወረቀት አውጡ። በግራ ግሡንና መስተዋድዱን ለያይታችሁ፣ በቀኝ አጣብቃችሁ ጻፉ፦ ሊቭድ ኢን፣ ሊቭዲን። 10 ግሥ ከሞላችሁ በኋላ ግራውን ሸፍኑና ቀኙን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። መጀመሪያ ይህን ሞክሩ፦ «ሂ ስማይልዳት ሚ።»

[5 ሰከንድ ዝምታ። ስክሪን፦ ስማይልድ + አት። ፈገግ አለልኝ።]

«ስሚልዳት» ብሎ የጻፈ ካለ «ስማይልዳት» ብሎ ያርመው። አማርኛው «ልኝ» ሲል እንግሊዝኛው «አት» ማለቱን ደግሞ ከ«ወረወረበት» አጠገብ ጻፉት።