ባኞው ይቆይ፣ ሳፋ ይምጣ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ወገብ ሕመም ስናወራ «ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይረዳል» ብዬ ማለፌ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አላስቀምጥ አለን። ዛሬ ሌላ ርዕስ አንነካም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንደመሆኔ ሙቀት የሥራዬ ግማሽ ነው።

ከማራኪ የደወሉ እናት፦ «ልጆቼ ባኞ አስገቡልኝ። ውሃ ግን ሲመጣ ነው የሚመጣው። ሙሉውን ካልሞላሁት ጥቅም የለውም ወይ?»

እማማ፣ ለባኞ ብለው ጀሪካንዎን ባዶ አያስቀሩ። አንድ መካከለኛ ባኞ ደረት ድረስ እንዲደርስ 150 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ በባለ 20ው ጀሪካን ሰባት ተኩል መሆኑ ነው። እኛ ከተማ ጎንደር ይህን ያህል ውሃ ለአንድ ሰው ማፍሰስ ግፍ ነው። ባኞው ውሃ ማጠራቀሚያ ሆኖ ያገልግልዎት፣ እርስዎ ሳፋ ያቅርቡ።

እግርን እስከ ባት ድረስ ለመዘፍዘፍ 12 ሊትር ይበቃል። መጀመሪያ ስምንት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሳፋው ውስጥ ይጨምሩ፣ ከዚያ አራት ሊትር የፈላ። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፤ የፈላው ቀድሞ ከገባ አጠገብዎ የሚሯሯጥ የልጅ ልጅ እጁን ሊከት ይችላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ውሃችን 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ 100 አይደርስም። ከምድጃ እስከ ሳፋ ሲጓዝ ደግሞ ትንሽ ይበርዳል። ሁለት እጅ ቀዝቃዛ ለአንድ እጅ የፈላ ሲሆን 40 ዲግሪ ገደማ ይሰጥዎታል፤ የምንፈልገውም እሱን ነው።

በእጅዎ አይለኩት። የእንጀራ ምጣድ የለመደ እጅ ይዋሻል። ክርንዎን ይንከሩ፤ ክርን ከለበለበው ቀዝቃዛ ይጨምሩ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢ ደርበው፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ውሃው ሲበርድ የፈላ መጨመር ቢያስፈልግ እግርዎን አውጥተው ነው፤ እግር ላይ የፈላ ውሃ ያፈሰሱ ስንቶችን አይቻለሁ።

ከአዘዞ የደወለ ወጣት፦ «ሻወር ቤታችን ብርድ ነው። ከሰል አቀጣጥዬ አስገባና በሩን ዘግቼ እዘፈዘፋለሁ። ፍም ከሆነ በኋላ ስለማስገባው ጭስ የለውም። አንዳንዴ ራሴን ያዞረኛል፣ ከሙቀቱ ይሆን?»

ከሙቀቱ አይደለም፤ ወንድሜ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚችው «ፍም ሆኗል» የምትለዋ ላይ ነው። ጭሱ ሲጠፋ መርዙ አብሮ የጠፋ ይመስለናል። ከሰል ቀይ ፍም ሆኖም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስነጥስም፣ አያስልም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይዞ ይቀመጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ከዚያ ጉልበት ይከዳል። ሰውየው በሩን መክፈት እንዳለበት እያወቀ ሊነሳ አይችልም። አንተን ያዞረህ የዚህ መጀመሪያ ነው። ሻወር ቤት ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል።

ውሃውን ውጭ ወይም ኩሽና አፍላና አስገባው፤ እንፋሎቱ ራሱ ክፍሉን ያሞቀዋል። መስኮቷን ጣት በምታህል ክፍተት ተዋት። ሰው ራሱን ስቶ ካገኘህ መጀመሪያ በሩን ወለል አድርገህ ወደ ንጹሕ አየር አውጣው፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት። ወተት ማጠጣት ይቅር።

ከፒያሳ፦ «ስኳር አለብኝ፤ እግሬ ይደነዝዛል። መዘፍዘፍ ይፈታልኛል?»

አይዘፍዝፉ። የደነዘዘ እግር መቃጠሉን አይነግርዎትም። ለብ ባለ ውሃ ታጥበው በጣቶችዎ መካከል ያለውን በደንብ ያድርቁ፤ ለብ ማለቱን ሌላ ሰው ይሞክርልዎ።

ከቀሃ ኢየሱስ አካባቢ የደወሉ አባት፦ «የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ ስገባ ሙቅ ውሃ ውስጥ እቀመጣለሁ። ባለፈው ስነሳ ወደቅሁ።»

እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎት አባባ። ሦስት ነገሮች ናቸው የተደራረቡብዎት። ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ ግፊት ይወርዳል። መድኃኒቱም ሥራው ማውረድ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ውሃ ስላልጠጡ ደግሞ ሰውነትዎ ደርቋል። ድንገት ሲነሱ ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፣ ራስ ባዶ ይቀራል።

መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፤ ጾሙንም አልነካም። ቅደም ተከተሉን ይለውጡ፦ ጾምዎን ይፍቱ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ፣ አንድ ሰዓት ያህል ይረፉ፣ ከዚያ ይዘፍዘፉ፤ ከ10 ደቂቃ አይለፉ። ሲጨርሱ እግርዎን አውጥተው ትንሽ ተቀምጠው ነው የሚነሱት። በሩን ከውስጥ አይቀርቅሩ። ጠላ ወይም አረቄ የቀመሱ ቀን ይቅርብዎ። መውደቁ ከተደገመ ግን ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ከአራዳ የደወለች እህት፦ «ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሦስት ቀን ተቀምጬ ጉልበቴ ተፈታልኝ። ቤት ውስጥ ጨውና ጦስኝ ብጨምርበት ያንኑ ያህል ይሠራል? ጎረቤቴ ደግሞ ውሃው ሲደፈርስ ከሰውነት የወጣ መርዝ ነው ትላለች።»

እታለም፣ ዋንዛዬ ላይ ሙቀቱ ብቻ አይደለም የሠራልሽ። ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ሲቆም ጉልበቱ የሚሸከመው ክብደት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሦስት ቀን ባልዲ አልተሸከምሽም፣ ደረጃ አልወጣሽም። ሳፋ ይህን ሊሰጥሽ አይችልም፤ ሙቀቱን ግን ይሰጥሻል። ለጉልበት ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክረሽ፣ ጨምቀሽ፣ 15 ደቂቃ ጠቅልዪው።

ጨው ቁስል እስከሌለ አይጎዳም፤ ተአምርም አይሠራም። ጦስኝ ሽታው ያሳርፋል። ከደባርቅ በኩል የመጣ ሳገኝ እኔም አንድ ጭብጥ ጣል አደርጋለሁ፤ ለጉልበቴ ብዬ ሳይሆን ስለምወደው ነው። መደፍረሱ የቆዳ እድፍ፣ አቧራና ራሱ ጦስኙ ነው። መርዝ የማጣራት ሥራ የኩላሊትና የጉበት ነው፤ በእግር ጣት አይወጣም።

እንፋሎት ለእኛ ከውጭ የመጣ ነገር እንዳይመስልሽ። ፋሲል ግቢ ውስጥ የወሸባ ቤት አለ። ቃሉን በኮሮና ጊዜ ለለይቶ ማቆያ ስላዋሉት ነው እንጂ ወሸባ ከቅጠል ጋር በእንፋሎት መታጠን ነበር። እርጉዝ ሴትና የልብ ሕመምተኛ ግን ብርድ ልብስ ተከናንበው አይታጠኑ።

ከዩኒቨርሲቲ የደወለ ተማሪ፦ «ማታ በሙቅ ውሃ ታጥቤ ወዲያው እተኛለሁ። እንቅልፍ ግን እምቢ ይለኛል።»

«ወዲያው» ያልካት ናት ችግሩ። ሰውነት እንቅልፍ የሚወስደው እየበረደ ሲሄድ ነው። ሙቅ ውሃ የእጅና የእግርን ደም ሥር ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ያስወጣል፣ ይህ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ከመኝታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት በፊት ጨርስ። አራት ሰዓት የምትተኛ ከሆነ ሁለት ሰዓት ላይ ውሃህን ጣድ። ስትጨርስ እግርህን አድርቀህ ካልሲ አድርግ፤ የዶርም ሲሚንቶ ያሞቅኸውን በአንድ ደቂቃ ይነጥቅሃል።