ጎበዝ

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ወንበሯ ዛሬም ታለቅሳለች፤ ታውቋታላችሁ። ዘይት አልገዛሁላትም። አልገዛላትምም።

ዛሬ ቃል የገባሁላችሁን የጨለማ ክፍሉን፣ ፎቶ የሚታጠብበትን ማለቴ ነው፣ ጉድ ላወራ ነበር። እሱ ይቆይ። ከማክሰኞ ጀምሮ አንድ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ተቀምጦ አልወጣም ብሎኛል። ቃሉ "ጎበዝ" ነው። አዎ፣ እሱ ብቻ። ጎበዝ።

የፎቶ ኤግዚቢሽኑ አለቀ። ማክሰኞ አወረድነው። አወረድነው ስል አወረድኩት ማለቴ ነው። ለመስቀል ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሁሉ መዶሻ ይዞ ይመጣል፤ ለማውረድ ጊዜ ሁሉም ፈተና አለበት። ጓንቴን አጠለቅኩ። ፍሬሙን በፊቱ አስተኛዋለሁ፣ ጀርባውን እከፍታለሁ፣ ፎቶውን አውጥቼ ወደ ፖስታው። ደግሞ ሌላው። ስድስት ጨረስኩ። ሰባተኛዋ ያቺ ነበረች።

"ያለ ርዕስ፣ ቁጥር 7።" ኮረብቶቹ። ስንት ክፍል ሙሉ ስለነሱ እንዳደረቅኳችሁ ታስታውሳላችሁ። ከአውሮፕላን የተነሱ የሚመስሉት፣ አንዱ በአንዱ ጎን ያበጡት፣ ልስልሶቹ።

ጀርባዋን ስከፍት በእርሳስ የተሰመረች ቀጭን ቀስት አየሁ። ከቀስቷ ጎን "ላይ" ይላል። ፎቶ ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ ነው የሚጻፈው፣ ቀለም ወደ ፊት ሊያልፍ ስለሚችል። ይሄን ለአዲስ ተማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ! እና የፍሬሙ ማንጠልጠያ ከወዲያ ማዶ ነው። ቀስቷ ግን የምታመለክተው ወደኔ ነው። ወደ ጫማዬ።

መጀመሪያ ቀስቷ የተሳሳተች መሰለኝ። እውነቴን ነው። ሰው እንዴት ነው እንዲህ የሚያስበው?

ከዛ ፎቶዋን አዞርኳት። ቀስ ብዬ፣ ጠረጴዛው ላይ። እና ኮረብቶቹ... ዓይኔ እያየ ሰመጡ። ያበጠው ሁሉ ጎደጎደ። ኮረብታ የሚባል ነገር የለም። የዝናብ ጠብታ የበሳው ደቃቅ አሸዋ ነው። ከጉልበት ከፍታ የተነሳ ይመስለኛል፣ ቢበዛ። እኔ ሰንሰለታማ ተራራ ነው ስል የከረምኩት መዳፍ የምታህል መሬት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አእምሯችን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ነው የሚገምተው። ፀሐይ ከላይ ናት፣ አምፖልም ከላይ ነው። ስለዚህ ክብ ነገር ከላዩ በርቶ ከታቹ ከጠቆረ "አብጧል" ይላል፤ ከላዩ ጠቁሮ ከታቹ ከበራ "ጎድጉዷል" ይላል። ፎቶውን ስትገለብጡት ጉድጓዱ ጉብታ ይሆናል። የጨረቃን ፎቶ ገልብጣችሁ እዩ፣ እነዚያ ጉድጓዶች እንደ ብጉር ብቅ ይላሉ። ይሄንንም አውቀው ነበር። ማወቅ ምን ያደርጋል።

ደግሞ እኮ ሁሉም ነገር ልክ ነበር! "ሚሊሜትር" እያላችሁ የምትሰድቡኝ ሰዎች፣ ዛሬ ደስ ይበላችሁ። የፎቶዎቹ ማዕከል ከወለሉ 150 ሳንቲ ሜትር። ብዙ ጋለሪዎች ከ145 እስከ 152 ባለው ውስጥ ነው የሚሰቅሉት፣ ለቆመ ሰው ዓይን እንዲመች። ብርሃኑን ሉክስ በሚባለው የብርሃን መለኪያ 50 ላይ አወረድኩት፣ ወረቀት ስስ ነገር ነው ብዬ፤ ሰው ሁሉ ጨለመብን እያለ ሲያማርር ቆይቷል። ፎቶውን የሚከበው ነጭ ካርቶን እንኳን ሰፊው ጠርዙ ከታች ነበር፣ እንደ ደንቡ። ውሃ ልኬንም አሳርፌ አይቻለሁ። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ። ውሃ ልክ ግን ላይና ታች አይለይም። ለሱ መስመሩ ቀጥ ካለ በቃው። የፎቶዎቹ ዝርዝር ደግሞ ጽሑፍ ብቻ ነበር፣ ምስል የለውም። ፎቶዋን ከፖስታ ሳወጣ ፊቷን ነው ያየሁት። ጀርባዋን አልገለጥኩም። ለምን ልግለጥ፣ ብዙ አለመንካት ነው እኮ ጥንቃቄው... በቃ፣ ሰበብ ነው። ተውት።

ግን እኔን የሚበላኝ ይሄ አይደለም። ስህተት ስህተት ነው። የሚበላኝ ያ ረቡዕ ነው።

ሊዘጋ 20 ደቂቃ ሲቀረው መጡ። ፎቶ አንሺዋ። ለመክፈቻው ጉንፋን ይዟቸው አልመጡም ነበር፤ ስለዚህ ሥራቸውን ግድግዳው ላይ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ውስጥ ማንም የለም። ቦርሳቸውን አላስቀመጡም። ከአንደኛዋ ጀምረው ቀስ እያሉ መጡ። ሦስተኛዋ ጋ ሳቅ አሉ። ምኑ እንዳሳቃቸው እስካሁን አላውቅም። ሰባተኛዋ ጋ ቆሙ።

ቆሙ።

እኔ በዛች ሰዓት ምን ማድረግ ነበረብኝ? ዝም። ወለል መጥረግ። ስልክ ማየት። ግን ታውቁኛላችሁ። ተጠጋሁና "ኮረብቶቹን ሰው ሁሉ ወዶልዎታል" አልኳቸው።

"ኮረብቶቹን?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ። በኩራት!

አንገታቸውን ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል አደረጉ። ትንሽ፣ ይሄን ያህል፣ አታዩኝም እንጂ። ከዛ "ማነው የሰቀለው?" አሉ። "እኔ ነኝ" አልኩ። አዩኝ። ፎቶዋን አዩ። እንደገና እኔን። "ጎበዝ" አሉ። ወደ ስምንተኛዋ አለፉ።

ይኸው ነው። ከዛ በኋላ ምንም አላሉም። መዝገቡ ላይ ፈርመው ሄዱ። እኔ ያን ማታ እየተንሳፈፍኩ ነው ቤት የገባሁት። ጎበዝ ተብዬ!

አሁን ደግሞ ሌሊት ተነስቼ ድምፁን ለማስታወስ እሞክራለሁ። ጎበዝ ብዙ ዓይነት ነው። ጫማውን ለብቻው ላጠለቀ ሕፃን የሚባለው አለ፣ ቀኙን በግራ ላጠለቀውም ይባላል። አስተማሪ በድፍረት ለተሳሳተ ተማሪ የሚለው አለ፤ ከኋላው "ቁጭ በል" ይከተለዋል። እውነተኛውም አለ። ደግሞ ያ የድሮው አለ፣ ሰው መከራ ሲመጣበት ወደ ሕዝቡ ዞሮ የሚጣራው፣ "ጎበዝ! ምን ይሻላል?" የሚባለው። ምናልባት ለኔ አልነበረም። ምናልባት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ለእርዳታ እየተጣሩ ነበር።

አስቂኝ ነው። አይደለም፣ አያስቅም።

እንደ ፈረንጆቹ በ1961 ኒው ዮርክ፣ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ፣ የፈረንሳዊው ሠዓሊ የማቲስ "ጀልባው" የሚባል የወረቀት ሥራ ለ47 ቀን ተገልብጦ ተሰቅሏል። ጀልባና የውኃ ላይ ጥላው ነው፤ የቱ ጀልባ የቱ ጥላ እንደሆነ መሳት ቀላል ነው። ያስተዋለችው አንዲት ጎብኚ ናት። ማቲስ ግን ያኔ በሕይወት አልነበረም። መጥቶ "ጎበዝ" ያለው ሰው የለም። የሌላው ሠዓሊ የሞንድሪያን ደግሞ ይብሳል። በ2022 ዓመተ ምሕረት፣ እንደነሱ፣ አንዱ ሥራው ለአሥርት ዓመታት ተገልብጦ ሳይኖር አልቀረም ተባለ። አሁን እናዙረው ሲሉ ደግሞ ሥራው በፕላስተር የተለጠፈ ስለሆነ እንዳይላቀቅ ፈሩ። ተዉት። እንደተገለበጠ ተዉት! ይሄን ሳነብ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ሌላ ሰው ሲሳሳት እንዲህ ደስ ይለኛል ማለት ነው? አላውቅም፤ ይሄንን ሌላ ጊዜ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ይሄን ልናገረው አልናገረው እያልኩ ነበር።

ቁጥር 7 የታተመችው ያለ ማጉያ ነው። ኔጋቲቩ፣ ፊልሙ ማለት ነው፣ ራሱ ወረቀቱ ላይ ተኝቶ። ኮንታክት ፕሪንት። 20 በ25 ሳንቲ ሜትር። እንዲህ ያለ ኔጋቲቭ ደግሞ ከትልቁ ካሜራ ነው የሚወጣው፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንበው ከኋላ ከሚያዩበት። እዛ ከኋላው ያለው መስታወት ላይ ዓለም የሚታየው ተገልብጦ ነው። ላይ ታች ይሆናል፣ ግራም ቀኝ ይሆናል። ልክ ወረቀትን ግማሽ ዙር እንደማዞር ማለት ነው። ልክ እኔ እንደሰቀልኩት!

ገባችሁ? ያን ቀን ጨርቁ ስር ሆነው መጀመሪያ ያዩት ኮረብቶቹን ሊሆን ይችላል። ከሁላችንም በፊት። እና ከስንት ጊዜ በኋላ ያንኑ ግድግዳ ላይ ሲያገኙት... አንገታቸውን ዘንበል ያደረጉት ለዛ ከሆነስ? ያን ጎበዝ ያሉኝ ተናደው ሳይሆን...

ኧረ ተው። ለራሴ ምን ዓይነት ጥብቅና ነው። ጥፋቱን ወደ ግኝት ልቀይረው ነው እንዴ? የክፍል ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው "ገልብጠህ ሰቅለህ ገልብጠህ ታስባለህ" አለኝና እንቅልፉን ቀጠለ።

መዝገቡንም አየሁት። ከተጻፈው ውስጥ ስለ ቁጥር 7 ያልጻፈ ጥቂት ነው። አንዱ "ኮረብቶቹ ውስጥ መተኛት አማረኝ" ብሏል። በእርሳስ፣ በቆንጆ ጽሕፈት። እሱን ምን ልበለው? የወደድከው ነገር የለም ልበለው? የወደደው እኮ የሳቸውን አሸዋ አይደለም፣ የኔን ስህተት ነው። ግን ፎቶው የሳቸው ነው። ግን... ብርሃኑም፣ ወረቀቱም፣ ጠብታውም የሳቸው ነው፣ የኔ ግማሽ ዙር ብቻ ናት። ግማሽ ዙር ምን ያህል ነው?

የሳቸውን ፊርማም ፈለግኩ። ስማቸውና ቀኑ። አስተያየት የሚለው ቦታ ላይ ምንም የለም። አንዲት ነጥብ አለች። ጽፈው ሊጀምሩ ነበር ወይስ ብዕሩ አረፈ? ነጥቧን በማጉያ መስታወት አይቻታለሁ። አዎ። ሚሊሜትር በሉኝ።

መልእክትም ጽፌ ነበር። "ይቅርታ እጠይቃለሁ" ብሎ ይጀምራል። ከዛ ማብራሪያው ረዘመና ስለ ማቲስ ሆነ። ሰረዝኩት። እንደገና "ምናልባት አስተውለው ከሆነ" ብዬ ጀመርኩ። ያላስተዋሉ ከሆነ ደግሞ አሁን ልነግራቸው ነው ማለት ነው። ፎቶ አንሺ የራሱን ፎቶ ተገልብጦ አያስተውልም? ያስተውላል። ይመስለኛል። ከረጅም ጊዜ በኋላ ከሆነስ ያየው?

ሐሙስ ሊወስዷቸው ይመጣሉ። ፎቶዎቹን ያለ ፍሬም ነው የምሰጣቸው፣ በየፖስታቸው። ቁጥር 7ን ቀስቷ ወደ ላይ ሆና አስገብቻታለሁ። ከዛ አወጣኋትና እንደገና ኮረብቶቹን አየሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። አሁንም ኮረብታ ናቸው እኮ።

ልጠይቃቸው አስባለሁ። ያን ረቡዕ ጎበዝ ያሉኝ የእውነት ነው ወይ ብዬ። ጠይቄያቸው ደግሞ ያንኑ መልሰው ቢሉኝስ? ያኔ ምን አደርጋለሁ፣ ሌላ ክፍል ልቀዳ?

ጠዋት ይምጡ ከሰዓት አልነገሩኝም ደግሞ። ጋለሪው ሐሙስ የሚከፈተው... ቆይ፣ ሐሙስ እኮ እኔም ፈተና አለብኝ። ወይ ጉድ። ሌላ ሰው ሊሰጣቸው ነው። ቀስቷን የማያውቅ... ቆይ አንዴ፣ ስልክ ልደውል፣ ይሄን ላጥ—