ባያድነንስ?

(ድሬዳዋ፣ ለታህሳስ ገብርኤል በተዘጋጀ የሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ። ኑ፣ ተቀመጡ። ታህሳስ ስለሆነ ድሬም ትንሽ ራርታልናለች። ግንቦት ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማን ያስቀምጠው ነበር?

እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ መካኒክ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት መኪና ሥር ተኝቼ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ጋራዥ ድረስ መጥተው «ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር ጥበቃ ይናገሩልን» ሲሉኝ፣ «መምህራኑ ምን ሆኑ?» አልኳቸው። «እርስዎ ከሕይወትዎ ይንገሩን» አሉኝ። እንግዲህ ከሕይወቴ ከሆነ፣ የምጀምረው ካፈርኩበት ቀን ነው።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.። ቅዳሜ ለእሁድ ሌሊት። ፍልሰታ ልትገባ አንድ ቀን ቀርቷት ነበር። እዚህ ካላችሁት ወጣቶች ብዙዎቻችሁ ያኔ ወይ አልተወለዳችሁም፣ ወይ እናታችሁ ጀርባ ላይ ነበራችሁ።

ደቻቱን ታውቁታላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከመጋላ ወደ ከዚራ የሚሻገር ሰው ጫማው እንኳ አይረጥብም። ወንዝ መሆኑ ትዝ የሚለን ሲቆጣ ነው። ክፋቱ ደግሞ፣ እንዲቆጣ ድሬ ላይ መዝነብ የለበትም። ላይ ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል ከዘነበ በቂው ነው። እዚህ ጠብ ሳይል ውኃው ይደርሳል። ያን ሌሊት ሰው በተኛበት መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ቤት፣ ግድግዳ፣ አልጋ፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ሳይመርጥ ጠርጎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ሙሉ አሸዋ ውስጥ ሬሳ ሲፈለግ ከረመ።

የኔ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ውኃው አልደረሰብንም። ጠዋት የሰፈሩ ሰው ውጭ ተሰብስቦ ይላቀሳል። እኔ ልጆቼን አንድ ሁለት ብዬ ቆጠርኩና «ተመስገን! እግዚአብሔር ጠበቀን!» አልኩ። ጮክ ብዬ።

አጠገቤ አንዲት ጎረቤታችን ቆማ ነበር። ባዶ እግሯን ናት። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርቆባታል። የሰባት ዓመት ልጇን ውኃው ከእጇ ነጥቋታል። ዞር ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም።

«እኛንስ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ወደ ቤቴ ገባሁ።

ስሟን አልጠራም። ይሄን የምነግራችሁም ፈቅዳልኝ ነው።

ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። ያልኩት ውሸት አልነበረም። እግዚአብሔር ጠብቆናል፣ ይመስገን። ግን እሷ ጆሮ ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆነ። «እኛን ወደደን፣ አንቺን ተወሽ» ማለት ሆነ። የኢዮብን ወዳጆች አስቧቸው። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ደህና ሰዎች ነበሩ። የተበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እኔ ሰባት ደቂቃ እንኳ ዝም አላልኩም።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ነገር ምን ይላል ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ላይ ስደርስ ቆምኩ። ቤታችሁ ስትገቡ እዩት። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው ይላል። አንድ መስመር ነው፣ በቃ። ቀጥሎ ጴጥሮስን አሰረው። ሌሊት መልአክ መጣ፣ ሰንሰለቱ ከእጁ ወደቀ፣ የብረቱ በር በራሱ ተከፈተ፣ ጴጥሮስ ወጣ። አንድ ንጉሥ፣ አንድ ከተማ፣ አንድ ምዕራፍ። ያዕቆብ እምነት አንሶት ነው? ያዕቆብ እኮ ከጴጥሮስና ከዮሐንስ ጋር ደብረ ታቦር የወጣ ነው። ጌታን ሲያበራ በዓይኑ ያየ ነው። ታዲያ ለምን? መጽሐፉ ምክንያቱን አይነግረንም። እኔም ከመጽሐፉ በላይ አዋቂ መሆን አልፈልግም። ግን ከዚያ ወዲህ የሞተበትን ሰው «እምነትህ ቢጸና ኖሮ» የሚል ሰው ስሰማ አንጀቴ ያርራል።

አሁን ትንሽ ወደ ሥራዬ ልውሰዳችሁ።

ስለ ጥበቃ ሲነሳ ሁላችንም የምንጠቅሳት መዝሙር 90 ናት። በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ 91 ነው። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የምትለዋ። ቤት ግድግዳ ላይ አለች፣ ባጃጅ ላይ አለች፣ ሱቅ በር ላይ አለች። የሚገርመው ሰይጣንም ይችን መዝሙር በቃሉ ያውቃታል። ጌታን መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ የጠቀሰለት እሷን ነው። «መላእክቱ በእጃቸው ያነሡሃል ተብሎ የለ? በል ዝለል» አለው። ጌታ ምን መለሰ? «አምላክህን አትፈታተነው» ተብሏል አለ። አልዘለለም።

አንድ ጊዜ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ጋራዥ መጣ። ከፊት መስታወቱ በላይ በትልቁ «በልዑል ጥላ ሥር» ብሎ ለጥፏል። ጎማ ልቀይር ብዬ ስፈታ የፍሬን ሸራው ታየኝ። ሸራ የሚባል ነገር የለም። አልቆ ብረት ከብረት ይፋጫል።

«አንተ፣ ይሄን ይዘህ ነው ደንገጎን የወረድከው?»

«እግዚአብሔር አለ ጋሼ።»

«እሱማ አለ። የሌለው ሸራው ነው።»

ትስቃላችሁ፣ እኔም ያኔ ስቄያለሁ። ደንገጎን ግን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቁልቁለቱ ማርሽ ቀንሶ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚወረደው። ያ ልጅ ብቻውን አይደለም የወረደው፣ ላዩ ላይ ሰው ጭኖ ነው።

የደቻቱ ዳር ሰዎችን ግን ከዚህ ሹፌር ጋር እንዳትደምሩብኝ፣ አደራ። እነሱ እግዚአብሔርን የተፈታተኑ ሰዎች አይደሉም። ድሀ የሚያድርበትን ቦታ አይመርጥም፣ ያገኘው ቦታ ያድራል። ከጎርፉ በኋላ ወንዙ ዳር ግንብ ተሠርቷል። አንዳንዱ «ሰው በግንብ ተማመነ» ይላል። አቦ ተዉን! እኔ ያን ግንብ ሳይ ድንጋዩን የደረደረው ሰው እጅም የእግዚአብሔር እጅ ይመስለኛል።

እንግዲህ ወደ በዓላችን እንምጣ። ነገ ተነገ ወዲያ ግማሾቻችሁ ወደ ቁልቢ ትወጣላችሁ። በመኪና የምትሄዱ አላችሁ፣ በእግር የምትሄዱ አላችሁ። ራስ መኮንን ያሠሩት ያ ደብር በዓመት ሁለቴ፣ ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19፣ አገር ምድሩን ይጠራል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ስለት ይዘው ሲወጡ አይተናል። ታህሳስ 19 የምናከብረው ምንድነው? ሠለስቱ ደቂቅን ነው። አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል። ናቡከደነፆር ቁመቱ 60 ክንድ የሆነ የወርቅ ምስል አቁሞ ስገዱ ያላቸው ልጆች።

እሳቱንና መልአኩን ሁላችንም እናውቃለን። ሥዕሉም በየቤታችን አለ። ከእሳቱ በፊት የተናገሩትን ግን ቶሎ እናልፈዋለን። ዳንኤል 3፣ ቁጥር 17 እና 18። ንጉሡን ምን አሉት? አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ከእጅህም ያድነናል። እዚህ ጋ ቢያቆሙ ጥሩ ስብከት ነበር። አላቆሙም። «ነገር ግን፣ እርሱ ባያድነን» ብለው ቀጠሉ። ባያድነንም ለምስልህ አንሰግድም፣ ይሄን እወቅ አሉት።

«ነገር ግን» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ጌታችን በጌቴሴማኒ ላይ የጸለየውን ደግሞ አስታውሱ። ቢቻል ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ አለ። ከዚያስ? «ነገር ግን» አለ። የእኔ ፈቃድ አይሁን፣ የአንተ እንጂ። ጽዋዋም አላለፈችም።

የእኛ ስለት ብዙውን ጊዜ «ነገር ግን» የለውም። «ይሄን ካደረግህልኝ ይሄን አገባለሁ» ነው። ስለት መሳል ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ሐናም ተስላለች፣ ሳሙኤልን አግኝታለች። እኔም ተስዬ አውቃለሁ። ብቻ አንዳንዴ ስለታችን የመርካቶ ዋጋ ክርክር ይመስላል።

ያቺን ጎረቤታችንን ልጨርስላችሁ።

ልጇን ስትፈልግ ሰነበተች። በእጇ ጭምር አሸዋ ትጭር ነበር። በሕይወት አገኛታለሁ ብላ ተስፋ ስትቆርጥ፣ «ሬሳዋን እንኳ ካገኘሁ ለቁልቢ ጃንጥላ አገባለሁ» ብላ ተሳለች። ሬሳውም አልተገኘም። እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ታህሳስ መጣ፣ 1999። የሰፈሩን ሰው በአንድ ሚኒባስ ጭኜ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ሌሊት መኪናውን ሳሞቅ በጨለማው አንዲት ሴት ስትመጣ አየሁ። እሷ ናት። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታቅፋለች። ሕፃን የታቀፈች ነበር የምትመስለው። አልጠየቅኋትም፣ ካለፈው ተምሬያለሁ። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ ከጉልበቷ ላይ አላወረደችውም።

ቁልቢ ደርሰን ሰልፍ ላይ ቆምን። ጨርቁን ፈታችው። ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጃንጥላ ነው። ሦስት ወር እንጀራ ሸጣ የገዛችው። አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ደስ ብሏቸው «ስለትሽ ደረሰ፣ ልጄ?» አሏት። እንደወጉ ነው፣ እዚያ ሁሉም የሚባባለው ይሄንኑ ነው።

«ስለቴ አልደረሰም፣ አባባ» አለቻቸው። «እኔ ግን ደርሻለሁ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሌላ ምንም አላሉም።

አንድ ቀን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ደፈር ብዬ ጠየቅኋት። ለምን ጃንጥላውን ገዛሽ? ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? ያን ሌሊት ብቻዬን አልነበርኩም አለችኝ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ላስረዳህም አልችልም፣ ግን አሸዋውን ስጭር አንድ ሰው አብሮኝ የሚጭር ይመስለኝ ነበር አለችኝ። ልጄን ወሰደብኝ ብዬ ተጣልቼዋለሁ፣ እስካሁንም አንዳንድ ቀን እጣላዋለሁ፣ ግን ጥሎኝ አልሄደም አለችኝ።

እሳቱ ውስጥ አራተኛ ሰው የታየው ሦስቱ ልጆች ከተጣሉ በኋላ መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው። እቶኑ በር ላይ ቆሞ አላስቀራቸውም። አንድ ሌላ ነገርም አለ። ልጆቹ በራሳቸው ሮጠው አልወጡም። ንጉሡ ራሱ ቀርቦ «ኑ፣ ውጡ» ብሎ እስኪጠራቸው እዚያው ይመላለሱ ነበር። ከእሳት ለመውጣት ያልተቻኮለ ሰው ማን አይቷል?

ጥላ የሚባለውን ነገር እኛ የድሬ ልጆች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ግንቦት ላይ በሰባት ሰዓት ከዚራ ዛፍ ሥር የቆመ ሰው ፀሐይዋ አልጠፋችለትም። አስፋልቱ ይግላል፣ ነፋሱ ይጋረፋል፣ ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ይጣበቃል። ግን ጥላ ሥር ነህ። መዝሙሩ «በጥላው ያድራል» ሲል እኔ አሁን የሚታየኝ ያ ዛፍ ነው፣ ያ ቀይ ጃንጥላም ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው በዚህ ጥቅስ ስብከት ሲሰብክ ይሄ የገባው አይመስለኝም፣ ይቅር ይበለኝ።

ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አንድ ነገር ላሳስብ። ምስክርነት ስታዘጋጁ መድረኩ ላይ የሚወጣው ሁልጊዜ የተፈወሰው፣ ቪዛ ያገኘው፣ ከአደጋ የተረፈው ነው። ጥሩ ነው፣ እልል እንላለን። ያልተፈወሰችውንም አንድ ቀን አውጧት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዛሬም «እኛንስ?» እያለ የተቀመጠ ሰው አለ። ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ አጠገቡ ያላችሁት ታውቁታላችሁ።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፣ ልጁ እጁን እያሳየኝ ነው። ስለ ጉዞው ላንሳና ልውረድ። ቁልቢ ብርድ ነው። የድሬ ሰው በየዓመቱ በቲሸርት ወጥቶ ሲንቀጠቀጥ ያድራል፣ ጋቢ ያዙ። በእግር የምትሄዱ ልጆች የመንገዱን ዳር ያዙ፣ ባትሪ ይኑራችሁ። መኪና የምታወጡ ሹፌሮች ነገ ከሰዓት ጋራዥ ብቅ በሉ፣ ፍሬናችሁን አየዋለሁ። የእጅ ዋጋ አልጠይቅም። ሸራውን ግን ራሳችሁ ግዙ።

የኛ ሚኒባስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይነሳል። አሥራ አንድ ሰው ይይዛል፣ አሥሩ ቦታ አለ። ጋቢናው ግን ተይዟል። እሷ ዘንድሮም ትወጣለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።