ኮሚናሉን ምን ዘጋው?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ኮሚናል ነው የማወራው፤ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ በብሎኮቹ መሃል ስላለችው የጋራ ቤት። በግ የሚታረድባት፣ እንጀራ የሚጋገርባት፣ ልቅሶ የሚቀመጡባት። አራተኛ ፎቅ ላይ በግ አይታረድማ! ግን ስንቷ ናት ዛሬ ክፍት የሆነችው? አንዷ ሱቅ ሆናለች፣ አንዷ መጋዘን።

«ነዋሪው ማኅበራዊ ኑሮ ረስቶ ነው» የሚለውን አልቀበልም። ልቅሶ ሲኖር ድንኳን ይተከል የለ? ኮሚናልን የሚዘጋው ቆጣሪና ቁልፍ ነው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። ለድግስ ሦስት ምጣድ በአንዴ ሲሰካ 48 አምፔር ገባ፤ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይህን አይችልም። መጀመሪያ ብሬከሩ (ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጠው) ይወርዳል። ከዚያ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ይመጣና በትልቅ ብሬከር ይቀይረዋል። አሁን ደግሞ የሚቀልጠው ሶኬቱ ነው፤ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ ሽታው ደረጃው ድረስ ይወጣል። ለየምጣዱ የራሱ ባለ 4 ካሬ መስመርና ባለ 20 አምፔር ብሬከር ያስፈልገዋል። ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ሦስት የኃይል መስመር ከገባ፣ በየፌዙ አንድ ምጣድ።

ቆጣሪውም የኮሚናሉ ብቻ ይሁን። ተጠቃሚው ሲገባም ሲወጣም ቁጥሩን በስልኩ ፎቶ ያንሳ፣ ልዩነቱን ይክፈል። ሂሳቡ ለሁሉም እኩል ሲካፈል፣ ያልጋገረው ሰውዬ ነው በስብሰባ «ይዘጋ!» የሚለው። እውነቱን ነው፣ ምን ያድርግ?

እርድ ቤቱን የሚያበላሸው ሞራ ነው። በሙቅ ውሃ ታጥቦ ይወርድና ቱቦው ውስጥ ቀዝቅዞ ይረጋል፤ ከዚያ ፍሳሹ ወደ ግቢ። ስለዚህ ሞራውና ፈርሱ በአካፋ ተነስቶ በማዳበሪያ ከረጢት ይውጣ፣ ደሙ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፣ ማፍሰሻው ላይ ወንፊት ይኑር።

ቁልፉ ሊቀመንበሩ ጋ ብቻ ከሆነ፣ ልቅሶ የሚመጣው እሳቸው ክፍለ ሀገር የሄዱ ቀን ነው። አንድ ቁልፍ ጥበቃ ጋ፣ አንዱ ኮሚቴ ጋ። መዝገቡ ላይ ስም፣ ብሎክ፣ የቤት ቁጥር፣ ሰዓት፣ መያዣ ገንዘብ። ልቅሶ ከልደት እንደሚቀድምም አስቀድሞ በደንብ ይጻፍ፤ ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ይህን መከራከር ከባድ ነው።

ኮሚናሉ ለሱቅ ወይም ለመጋዘን የሚከራይ ከሆነስ? በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያው የሁሉም ቤት ባለቤቶች ንብረት ነው። ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ፤ ውሉም ከአንድ ዓመት አይለፍ፣ እርድ ቤቱንና ምጣዱ ያለበትን ክፍል አይንካ።