ሱስ ማድረስና ደባል አጫሽነት
(ግንቦት 23፣ የዓለም የፀረ ትምባሆ ቀን ምክንያት በማድረግ ለድሬዳዋ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የጤና ክበቡ ስለ ሳንባ እንድናገር ጋብዞኝ ነበር። ሳንባውን ለባዮሎጂ መምህራችን ትቼ፣ እኔ እንደ አማርኛ መምህርነቴ የአጫሾችን ቋንቋ ልነካካ።

በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ያሉትን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። በመስኮቱ ፍርግርግ ላይ ላይተር በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። ደንበኛው «አንድ ፍሬ» ይላል፤ ባለሱቁ የምን ፍሬ ብሎ አይጠይቅም። ሰውየው ወደ ክሩ ጎንበስ ብሎ እየለኮሰ «ሱሴን ላድርስ» ይላል። ማድረስ እኮ ለጸሎትና ለአደራ የምንጠቀምበት የተከበረ ቃል ነው! አደራ ግን አንዴ ካደረሱት ይገላግላል። ሱስ አይገላግልም። ኒኮቲን በሴኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፣ ቶሎም ይለቃል፤ ከዚያ ሰውየው ተመልሶ መስኮቱ ሥር ነው።

እናንተም ስም በማውጣት አትታሙም። ከፈጠራችኋቸው ሁለቱን ወድጃቸዋለሁ። «ከሰኞ ጀምሮ» ዘወትር ሊያቆም የተዘጋጀው አጫሽ ነው፤ «ማስቲካ በኪሱ» ደግሞ ቤት ሳይደርስ አፉን የሚያጣፍጠው። በሁለተኛው ላይ ከልክ በላይ የምትስቁትን እየመዘገብኩ ነው።

ለእኔ ግን ሁሉንም የሚያስከነዳው የጤና ባለሙያዎች የሚሉት «ደባል አጫሽ» ነው። ደባል ኪራይ ሊጋራ ተስማምቶ የሚገባ ሰው ነው። ደባል አጫሽን ግን ማንም አላማከረውም። በርና መስኮቱ ተዘግቶ ጫት በሚቃምበት ክፍል ውስጥ ቡና የምታፈላዋ ልጅ፣ አንድም ሲጋራ ሳትገዛ የሁሉንም ጢስ ትካፈላለች። ረከቦቱ ላይ ጎንበስ ስትል ታስላለች፤ ቃሚዎቹ ከሰሉ ነው ይሏታል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ሲከለክል እንዲህ ያለችውን ልጅ ይጠብቃል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥም ያዝዛል። ሺሻም በዚያው አዋጅ ተከልክሏል፤ የፍራፍሬ ሽታ ስላለው ጢስ አይመስለንም ለምትሉት ነው የምናገረው።

ስለዚህ ክበቡ በየሻይ ቤቱ የሚለጥፈው «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለውን ብቻ እንዳይሆን እለምናለሁ። እሱን ዓይናችን ስለለመደው አናነበውም። «እዚህ ቤት ደባል አጫሽ አለች» ብላችሁ ጻፉ። ቀለሙን እኔ እገዛለሁ፤ ቁመቱ ከበሩ በላይ የሚደርስ ልጅ ግን ያስፈልገኛል።

አመሰግናለሁ።