ይቺን ነው?

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ንፋሱ ከተሰማችሁ ይቅርታ፣ የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፤ መስኮት ዘግቼ፣ ጋቢ ደርቤበት እንኳ ይገባል። ሲዘጋ ደግሞ ሙቀቱ አለ። እንግዲህ አንዱን መርጫለሁ።

ባለፈው የእህቴን ሰርግ ነገር እጨርስላችኋለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ አልችልም። ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ፣ እሱን ሳላወጣ ሌላ ወሬ አልመጣ አለኝ። የእማዬ ሲንጀር፣ የልብስ ስፌት መኪናዋ ነገር ነው። አዎ፣ ያቺው ሲንጀር። ማጠንጠኛዋ፣ ቦቢን ላይ ክር የምትጠመጥመው፣ ተሠራች።

ተሠራ ስል ደስ ብሎኛል እኮ። ደስ ብሎኛል። ግን...

ከመሃሉ ልጀምር። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እማዬ ወንበሯ ላይ ናት፣ እኔ ከጎኗ መሬት ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ ካቻቢቴው እጄ ላይ ነው። ባዶ ቦቢን፣ የታችኛው ክር የሚጠመጠምበትን ማለቴ ነው፣ አንስታ ማጠንጠኛው ላይ ሰካች። የመዘውሩን የመሃል ብሎን አላላች፤ መርፌው ቆሞ መዘውሩ ብቻ እንዲዞር እንደዚያ ይደረጋል። ክሩን በመወጠሪያዋ አሳልፋ ቦቢኑ ላይ ሁለት ሦስቴ በእጇ ጠመጠመች። ከዚያ ማጠንጠኛውን ወደ መዘውሩ ገፋ አደረገችው። ያዘ። መርገጥ ጀመረች። አውራ ጣቷ ግን እዚያው ነው። ማጠንጠኛውን ተጭኗል።

"እማዬ፣ ልቀቂው፣ ራሱ ይይዛል" አልኳት።

ቀስ ብላ አነሳችው። አላራቀችውም ግን። አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጋ አየር ላይ አቆመችው፣ ሕፃን ወፌ ቆመች ሲባል ከኋላው እጅ እንደሚዘረጋለት። ቦቢኑ ይሞላል፣ ዝዝዝ ይላል፣ ድምፁ አንዴ እንኳ አልተቆራረጠም። ሞላና፣ ጠቅ! ራሱ ተላቀቀ። ማጠንጠኛው ከመዘውሩ ሸሸ፣ ቦቢኑ ቆመ። እግሯ ግን አልቆመም። መዘውሩ ባዶውን ይዞራል፣ እሷ ትረግጣለች። ምን ያህል እንደቆየች እንጃ። ከዚያ አቆመች፣ ቦቢኑን አውጥታ በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች ጥንካሬውን አየችው፣ ወደኔም ሳትዞር፣

"ይቺን ነው?" አለች።

በቃ። ሌላ ቃል የለም። ተነስታ ቡና ልታፈላ ሄደች።

ከቅዳሜ ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ይሄ ነው። "ይቺን ነው?" ምኗን? የለወጥኳትን የማጠንጠኛውን ጎማ ከሆነ እውነት ነው፣ ትንሽ ናት፣ ይቺ ነች የምትባል ዓይነት ናት። እኛ እኮ ትንሽን ነገር ሴት እናደርጋለን፣ የምንንቀውንም የምንሳሳለትንም። ይቺ ቤት። ይቺ ልጅ። ስለዚህ ንቃም ሊሆን ይችላል፣ ተገርማም ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ... ወይም ደግሞ "ይቺን ነው 13 ዓመት ሳትሠሩልኝ የቆያችሁት?" ማለቷ ነው። እንደዚያ አላለችም። እንደዚያ የምትልም ሴት አይደለችም። ግን እኔ የሰማሁት እሱን ነው።

ምን እንደነበረ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ያን ያህል ቀላል ነው። ማጠንጠኛው ትንሽ ጎማ የለበሰች ፑሌጃ አለችው። ጎማዋ መዘውሩን ትነካለች፣ መዘውሩ ሲዞር ይዟት ይዞራል፣ ቦቢኑም አብሮ። ሌላ ምስጢር የለውም። ጎማዋ ስትደርቅ ይንሸራተታል። የእኛዋ ደርቃ ብቻ አልነበረም፣ በካቻቢቴ ነካ ሳደርጋት እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈረካከሰች። ጥቁር ፍርፋሪ ሆና መዳፌ ላይ ቀረች። ዕድሜው አለ፣ የከተማችን ሙቀት አለ። ዘይትም አለበት። ዘይት ጎማ ይበላል፤ እማዬ ደግሞ በየሳምንቱ፣ አንድም ሳታዛንፍ፣ ያየችውን ቀዳዳ ሁሉ ዘይት ታጠጣለች። ለመኪናዋ ስትሳሳ ጎማዋን እየጨረሰቻት ነበር ማለት ነው። ይሄን አልነገርኳትም። ልንገራት እንዴ? አይ።

ስትበላሽ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ያኔ አንድ ጠጋኝ ጋ ወስዳው ነበር፤ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሰውዬው ምናልባት እውነት መስሎት ይሆናል። "ሙሉ ማጠንጠኛው ነው የሚለወጠው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ አይገኝም" አላት። ላየበት አስከፍሎ መለሳት። ከዚያ በኋላ በአውራ ጣቷ እየተጫነች ጎማ የለሹን... ጎማው አለ ግን የሞተ ነው፣ እሱን መዘውሩ ላይ አጥብቃ እየያዘች ታጠነጥን ነበር። ነሐሴ ሲመጣ አስቡት። የዩኒፎርም ወር ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ እኛ ቤት ነው፣ ቀን ስምንት አሥር ቦቢን ትሞላለች። አውራ ጣቷ ጎን ላይ የደነደነ ቆዳ አለ፣ ቢጫ፣ ስትነኩት ቀንድ የሚመስል። እኔ የመቀስ ነው ብዬ ነበር የማውቀው። ልጅ ሆኜ ያንን እጅ ይዤ ነው የፍራንኮን መንገድ የተሻገርኩት። የመቀስ ነው ብዬ።

...ውሃ ልጠጣ።

ቁጥሯን አይቻለሁ፣ መደቧ ላይ የታተመውን። 15 ኬ የሚባለው ዓይነት ናት። ኬዋ ኪልቦዊ ማለት ናት፣ ስኮትላንድ ክላይድባንክ የሚባል ከተማ ያለ የሲንጀር ፋብሪካ። የፋብሪካው ሰዓት ማማ አራት ፊት ነበረው፣ አንዱ ፊት ስፋቱ 8 ሜትር ገደማ። እኛ ፖስታ ቤት አካባቢ ያለ አንድ ፎቅ ቤት ላይ የማይሰቀል ሰዓት ማለት ነው! በ1963 እ.ኤ.አ. ማማውን አፈረሱት፣ በ1980 ፋብሪካውንም ዘጉት። የባቡር ጣቢያው ግን እስካሁን ስሙ ሲንጀር ነው። ይሄ እንዴት እንደሚገርመኝ። ፋብሪካ የለም፣ ሰው ግን "ሲንጀር ላይ እወርዳለሁ" ይላል። እኛስ ለገሃር እንል የለ? አሮጌው ባቡር ከቆመ ስንት ጊዜው። አያቴም መኪናዋ በጅቡቲ ባቡር ነው የመጣችው ትል ነበር፣ ከጣቢያው እስከ ቤት በጋሪ። ከስኮትላንድ ተነስታ፣ ባሕር አቋርጣ፣ በረሃ አቋርጣ፣ ጋሪ ላይ። ያ ሁሉ ብረት አሁንም ይሠራል። የቆመችው በጎማዋ ነው።

የት ነበርኩ... ጎማዋ። መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ ሄድኩ፣ ከመንገዱ ዳር ያለው ጋሼ ጋ። ፑሌጃዋን አሳየሁት። "ልጄ፣ ይቺ የምን ናት?" አለኝ። የእናቴ ሲንጀር ናት ስለው ሥራውን አቁሞ እጁን ጠረገ፣ የሞተር ከመነዳሪ ፈልጎ ቀጭን ቀለበት ቆረጠልኝ። ገንዘብ አልተቀበለኝም። ሠራ! ግን ቁርጡ እኩል ስላልነበረ ቦቢኑ ሲዞር ይዘላል፣ ክሩ አንዴ ይጠብቃል አንዴ ይላላል። ቦቢን ልል ሆኖ ከተጠነጠነ የታችኛው ክር አወጣጡ ይለያያል፣ ስፌቱም አንድ ቦታ ይሸበሸባል፣ አንድ ቦታ ይለቃል። ይሄን እማዬ ሁልጊዜ ትል ነበር፣ "መጥፎ ስፌት ከቦቢኑ ይጀምራል"። በማግስቱ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገብቼ ፑሌጃዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና ኦሪንግ፣ ቧንቧ የሚያሽጉባትን የጎማ ቀለበት፣ አንድ በአንድ ለካሁ። አራተኛው ልክ ገባ። አራተኛው! ዋጋው የአንድ ማኪያቶ አይሆንም።

የቀረው ማጽዳት ነበር። የደረቀ ዘይት ቡናማ ሆኖ ማጠንጠኛውን እንደ ሙጫ ይዞት ነበር፣ በነጭ ጋዝና በጥጥ ለቀቀ። ሞላዋ ደህና ናት። የመጀመሪያው ቦቢን ግን ክሩ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተከምሮ ወጣ፤ መወጠሪያዋ ከቦቢኑ መሃል ዘንበል ብላ ነበር፣ ብሎኗን አላልቼ ሳስተካክላት ክሩ ራሱ ከዳር ዳር መሄድ ጀመረ። ከዚህ የሚያረጁ ሲንጀሮች አሉ፣ 27 እና 28 የሚባሉት፤ ሸትላቸው፣ ቦቢኑን የሚይዘው፣ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ነው የሚመላለሰው፣ ቦቢናቸው ረጅም ቀጭን። ማጠንጠኛቸው ላይ ልብ ቅርጽ ያለው ብረት አለ፣ ያ ልብ ሲዞር ነው ክሩን ግራ ቀኝ የሚወስደው። ልብ! አንድ ቀን በዓይኔ ባየው።

በሙሉ ስንት ሰዓት ፈጀ? የሁለት ቀን ከሰዓት። የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ። እና 13 ዓመት እዚያው ክፍል ውስጥ የቤት ሥራ ሠርቻለሁ፣ ተኝቻለሁ፣ ይሄን ፕሮግራም ቀድቻለሁ፤ የቆዩ ክፍሎችን ብትሰሙ ከኋላ መኪናዋ ትሰማለች፣ ብዙዎቻችሁ ድምፁን እንወደዋለን ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ትናንት ማታ አንዱን ከፍቼ ሰማሁት። ቦቢን ስትሞላ ይሰማል። ድምፁ ይወፍራል፣ ይቆማል፣ ይወፍራል። ጣቷ ሲደክማት የሚቆም ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው፣ አላውቅም። እኔ በላዩ ላይ እያወራሁ ነው።

ደግሞ ራሴን አጥፊ ማድረጌም ልክ ላይሆን ይችላል። ልጅ ነበርኩ። እሷም አንድ ቀን ሥሩልኝ አላለችም። ግን እናት መቼ ትላለች... እንጃ፣ ይሄንንም በቀላሉ መናገር አልፈልግም። አንዳንዷ ትላለች።

የጎማዋን ፍርፋሪ ልጥለው ስል ደግሞ "ተዪው" አለችኝ። ሰብስባ በወረቀት ጠቅልላ ቁልፍ የምታስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው። ለምን? አልጠየቅኳትም። ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር።

አሁን ከወዲያኛው ክፍል እየረገጠች ነው። ይሰማችኋል? ቆይ... ማይኩን ላስጠጋው። ቦቢን እየሞላች ነው። አሁን መሙያው ደርሷል፣ ጠቅ ማለት አለበት።

ቆመ። ጠቅ አላለም። ወይ ንፋሱ ሸፈነው፣ ወይ...